ዕዳው የቀብሩ ሳይሆን የአርባው ነው

መንዝ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚፈለገው ገንዘብ አይደለም፤ ሰው ነው። ጥሩምባው ከተነፋ በኋላ ሥራውን ቅሬው ይረከባል። መቃብር የሚቆፍረው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚፈልጠው፣ ሩቅ ላለ ዘመድ መርዶ የሚያደርሰው ሁሉ የታወቀ ነው። የቀረ ይቀጣል። ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ የሟች ቤት ምድጃ አይነድም።

አስከሬን የሚያሰናዳ ድርጅት የሚባል ነገርም የለም። ዓይን የሚከድነው፣ አገጭ የሚያስረው እዚያው ቤት ያለ ሰው ነው። ከዚያ ሴትን ሴቶች፣ ወንድን ወንዶች ያጥባሉ፤ የእጅና የእግር አውራ ጣቶችን ያስራሉ፣ በነጭ ጨርቅ ይገንዛሉ። ፍትሐት ተደርጎ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይቀበራል። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ ጸሎቱ አስቀድሞ በሆሳዕና ይደርሳል። (ከዚህ የሚበልጥ ቅድመ ዝግጅት እኔ አላውቅም።)

አያቴን ያጠቧት የማርያም ማኅበር አብረዋት ሲጠጡ የኖሩ ሦስት ሴቶች ናቸው። እናቴ ናት የነገረችኝ፤ «ብርድ አትወድም ነበር» ብለው ውሃውን ለብ አደረጉላት።

ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ቅሬን ሳይ ኢንሹራንስ ይታየኛል፤ አረቦኑ በአብዛኛው ጉልበት የሆነ ኢንሹራንስ። ስቴፋን ደርኮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያና የታንዛኒያ የቀብር ማኅበራት የታወቀ አባል፣ መተዳደሪያ ደንብና ቅጣት እንዳላቸው አሳይተዋል። ለምን ይሠራል ካላችሁ፣ ሞቶብኛል ብሎ መዋሸት አይቻልማ! አገር ሁሉ ያያል።

ችግሩ ይህ ኢንሹራንስ ለተዝካሩ አለመድረሱ ነው። ሰልስት ያልፍና አርባ ይመጣል። ለአርባ ደብሩ ሁሉ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ከተማ የሚሠራ ልጅ ካለማ የሚጠበቀው ድግስ በዚያው ልክ ያድጋል። ይበደሩና ይደግሳሉ፤ አለዚያ በሬ ይታረዳል። ካሉት ሁለት በሬዎች አንዱን ያረደ ገበሬ ደግሞ ለክረምቱ መቀናጆ ፈላጊ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለቱን ይለያቸዋል። የቀብር ወጪ ከሟች ውርስ ላይ ቀድሞ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ የተዝካር ወጪ ግን ከቀብር ወጪ አይቆጠርም። ደጋሹ ከራሱ ኪስ ነው የሚደግሰው ማለት ነው።

እኛ ቤት አጎቴ «አገር ምን ይለናል?» ብሎ በሬው ይታረድ አለ። ያዳነን የአያቴ ቃል ነው። አልጋ ላይ ሳለች የነፍስ አባቷና አንዲት ጎረቤት ባሉበት «ለአርባዬ በሬ እንዳታርዱ፤ ለካህናቱና ለነዳያኑ የሚሆን ይበቃል» ብላ ነበር። እኛ ልጆቹ ብንለው ስስት ይባል ነበር፤ እሷ ስላለችው ኑዛዜ ሆነ። በአርባዋ ዳቦ፣ የገብስ ጠላና ምስር ወጥ ቀረበ። አጎቴ እስካሁን ቅር እንዳለው ነው፤ በሬው ግን በዚያ ክረምት አርሷል።

እናቴ ከዚያ ወዲህ የራሷን ተናግራለች፤ የት እንደምትቀበር፣ እነማን እንዲያጥቧት፣ ለአርባዋ ስንት እንጀራ። ቡና እየጠጣን ነው የተናገረችው። ስልኬ ላይ ጽፌ ይዤዋለሁ።