ደም የሚነካው ሴል

እትብት በሚቀበርበት አገር ያደገ አንባቢ ይገርመው ይሆናል፤ ስለ ሰው የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ዛሬ ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው ከወሊድ በኋላ ከሚጣል እትብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ኒው ዮርክ ውስጥ ኤሪክ ጃፌና ባልደረቦቹ በእትብቱ ውስጥ ባለችው አንዲት ደም መልስ ኮላጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም ጨመሩ። ኢንዛይሙ ሽፋኑን ከግድግዳው አላቀቀው፤ እነሱም ሴሎቹን በላብራቶሪ ሳህን ላይ አራቧቸው። ያገኙት የፈለጉትን ሴል ለመሆኑ አንዱ ማስረጃ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታዩት ረዣዥም ከረጢቶች ነበሩ። ከረጢቶቹን ኤቫልድ ቫይበልና ጆርጅ ፓላዴ በ1964 የዚህ ሽፋን መለያ አድርገው ገልጸዋቸው ነበር።

ሽፋኑ ኢንዶቴልየም ይባላል። ውፍረቱ የአንድ ሴል ብቻ ሲሆን ከልብ እስከ ቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ድረስ ደም የሚያልፍበትን ገጽ ያለብሳል። ለረጅም ጊዜ ተራ ልባስ ይመስል ነበር። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት ከጥንቸል የተወሰደ ደም ቅዳ በአሴቲልኮሊን የሚላላው ሽፋኑ ካልተፋቀ ብቻ መሆኑን ሲያሳይ ያ እምነት ተናጋ። ከሽፋኑ የሚወጣው መልእክት ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሆኖ ተገኘ፤ ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፌሪድ ሙራድም በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ይህ ሴል ጂኖቹን በየሰዓቱ እየመረጠ የሚያነብ መሆኑ ነው። በሰላሙ ጊዜ ገጹ ለስላሳ ነው፤ ነጭ የደም ሴሎች ሳይጣበቁበት ያልፋሉ። ሰውነት ሲቆጣ የሚለቀቀው ቲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን ሲደርሰው ሁኔታው ይለወጣል። ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባለው የጂን ቀስቃሽ በሰላሙ ጊዜ ከኑክሊየሱ ውጭ በሌላ ፕሮቲን ታስሮ ይቆያል። ቲኤንኤፍ ሲመጣ አሳሪው ይፈርሳል፣ ቀስቃሹም በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ኑክሊየሱ ይገባል። ቀድሞ ያልነበረ ኢ ሴሌክቲን የተባለ መያዣ በሴሉ ገጽ ላይ ይበቅልና ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ በማግስቱ ተመልሶ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። አይካም 1 የተባለው መያዣ ግን ከዚያ በኋላም ይቆያል። ነጭ የደም ሴሎች በመጀመሪያው መያዣ ላይ እየተንከባለሉ ይዘገያሉ፣ በሌሎቹ ላይ ይቆማሉ፣ ከዚያም በሴሎቹ መካከል ሾልከው ወደተጎዳው ሥጋ ይገባሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ቀስቃሹ ከሚያስነሳቸው የመጀመሪያ ጂኖች አንዱ የራሱን አሳሪ የሚሠራው ጂን ነው። ማቆሚያው ከማስነሻው ጋር አብሮ የተሰናዳ መሆኑ የዚህ ሥርዓት ትልቁ ጥበብ ነው።

እነዚህ መያዣዎች ለጠላትም ያገለግላሉ። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሐዋሲ ያለበት ቀይ የደም ሴል አይካም 1ን ጨምሮ በሽፋኑ ገጽ ላይ ያሉ መያዣዎችን ይዞ ይጣበቃል። በኢትዮጵያም የሚገኘው ይህ ዝርያ አንጎልን ሲያጠቃ ቀጫጭኖቹ የአንጎል ደም ሥሮች በእንዲህ ዓይነት የተጣበቁ ሴሎች ይጨናነቃሉ።

ሴሉ የሚሰማው ኬሚካል ብቻ አይደለም፤ የደሙንም ፍሰት ይሰማል። ደም ቀጥ ብሎ በሚፈስበት ቦታ ሴሎቹ ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ይዘረጋሉ፤ ኬኤልኤፍ 2 የሚባለው ጂንም በብዛት ይነበባል። እሱ ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚያመርተውን ኢንዛይምና ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ትሮምቦሞዱሊን ከፍ ያደርጋል፣ የቁጣውን ጂኖችም ያዳክማል። ደም ቅዳ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ግን ፍሰቱ እንደ ወንዝ አዙሪት ይታወካል፤ ኬኤልኤፍ 2ም ይቀንሳል።

ኮሌስትሮል፣ ስኳርና የትምባሆ መርዝ በመላው አካል ይዘዋወራሉ። ደም ቅዳን የሚያጠብበው የስብ ክምችት ግን በብዛት የሚታየው ፍሰቱ በሚታወክባቸው መታጠፊያዎችና መገንጠያዎች ነው፤ ወደ አንጎል የሚወጣው የአንገት ደም ቅዳ መከፈያ ዋነኛው ምሳሌ ነው። የኮሌስትሮል መድኃኒቶቹ ስታቲኖች በላብራቶሪ ባደጉ ሴሎች ላይ ኬኤልኤፍ 2ን ከፍ እንደሚያደርጉ በ2005 ታይቷል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከእትብት የተገኘ ሴል የአራስ ልጅ የደም መልስ ሴል ነው፤ የሳህኑም ፈሳሽ አይንቀሳቀስም። በአካል ውስጥ ግን የአንጎሉ ሽፋን እርስ በርሱ ጥብቅ ብሎ የተሰፋ ነው፤ የጉበቱ ደግሞ ቀዳዳዎች አሉት። ሴሎቹ ከቦታቸው ተነቅለው ሲቆዩ ይህን ልዩነታቸውን በከፊል ያጣሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥናት የሚያነብ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ሴሉ ከየት እንደመጣ፣ በስንተኛው ሰዓት እንደተለካና ፈሳሹ ይፈስ እንደነበር ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች አሁን ሴሎቹን በቀጫጭን ቦዮች ውስጥ እያሳደጉ በፓምፕ ፈሳሽ ያሳልፉባቸዋል፤ ቲኤንኤፍንም የሚጨምሩት ፍሰቱ ከቆየ በኋላ ነው።