ሥራ የፈታ አጥንት

ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ እግሮቹ አልታዘዝ እንዳሉት ሁላችንም እናውቃለን። የእንዲህ ያለው ጉዳት መዘዝ ግን መራመድ አለመቻል ብቻ አይደለም። አጥንት ሕያው አካል ነው፤ ሸክም ሲሸከምና ጡንቻ ሲስበው ይጠነክራል፤ ሥራ ሲፈታ ግን ከሚገነባው የሚፈርሰው ይበልጣል። ስለዚህ ከጉዳቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት የእግር አጥንት፣ ይልቁንም በጉልበት ዙሪያ ያለው፣ በፍጥነት ይሳሳል። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር በመተላለፍ ላይ እግር ትንሽ ቢጠማዘዝ እንኳ ሊሰበር ይችላል። የእግሩ ስሜት ከጠፋ ሕመሙ አይሰማም፤ ስብራቱን የሚያሳብቀው እብጠት፣ የቦታው መሞቅና መቅላት፣ ወይም የጡንቻ መኮማተር መባስ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጓደኛ ያለን ተማሪዎች ስናነሣው እግሩ እንዳይጠማዘዝ እንጠንቀቅ፤ እብጠት ካየንም «አላመመኝም» ቢለን እንኳ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እናድርሰው።