ሃያ ስምንት በጋ በተራራ ላይ

«ጊዜያዊ ሠራተኛ» የሚለውን ቃል የማያውቅ የመሥሪያ ቤት ሰው የለም። ብዙዎቻችን ቃሉን ስንሰማ ትዝ የሚለን ቋሚ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ደጅ የሚጠና ሰው ነው። ዛሬ የምናወሳው ግን በጊዜያዊነት እየተቀጠረ 28 በጋ ስላገለገለ ራንዲ ሞርገንሰን ስለሚባል አሜሪካዊ የፓርክ ጠባቂ ነው።

ሴኮያና ኪንግስ ካንየን የተባሉት ብሔራዊ ፓርኮች በካሊፎርንያ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ጐን ለጐን ይገኛሉ። ፊተኛው በ1883፣ ኋለኛው በ1932 ዓ.ም. ተከለሉ። አብዛኛው መሬታቸው መኪና የማይገባበት ምድረ በዳ ነው። በእኛ አገር ክረምት ሲሆን በዚያ በጋ ነውና፣ ጠባቂው በሰኔ ገደማ በሄሊኮፕተር ወይም በበቅሎ ስንቁን አስጭኖ ይወጣል፤ እስከ መስከረምም በድንኳን ወይም በትንሽ ጎጆ ይኖራል።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ያስቀናል። ቀርበን ስንመረምረው ግን አብዛኛው ስም የሌለው ድካም ነው። መንገደኛ የጣለውን ቆርቆሮ ይለቅማል፤ ባልተፈቀደ ቦታ እሳት የነደደበትን ጉልቻ አፍርሶ ድንጋዩን ይበትናል፤ ድብ የሰው ምግብ እንዳይለምድ እንግዶች ስንቃቸውን በጽኑ ዕቃ እንዲያኖሩ ይመክራል። እግሩ የተሰበረ ሰው ሲያገኝ በሬዲዮ ሄሊኮፕተር ይጠራል፤ የጠፋም ቢኖር ዱካውን ይከተላል። ማታ ግን የሚያጫውተው ያው ሬዲዮ ብቻ ነው።

ሞርገንሰን ያደገው በዚያው በካሊፎርንያ፣ በዮሴሚቲ ሸለቆ ነው። በወጣትነቱ በሰላም ጓድ ሕንድ አገር ሄዶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ልቡ ከተራራው አልተለየም። ውሉ ግን በየበጋው መጨረሻ ያልቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ይቀጠራል። የጡረታ መብትም፣ ከመሥሪያ ቤቱ የሚሰጥ የሕክምና ዋስትናም አልነበረውም። ጠባቂዎቹ «ደመወዛችን የፀሐይ መጥለቂያ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዱ ያምራል፤ ነገር ግን ባለሱቅ በፀሐይ መጥለቂያ ዕዳ አይሰርዝም።

ሐምሌ 14 ቀን 1988 ዓ.ም. ቤንች ሌክ ከተባለው ሐይቅ አጠገብ ከነበረው ድንኳኑ ተነሣ። ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ለጥበቃ እንደሚወጣ በወረቀት ጽፎ ትቶ ነበር። ሳይመለስ ቀረ። ዕድሜው 54 ነበር።

ስንቱን የጠፋ ሲፈልግ የኖረ ሰው አሁን በተራው ተፈላጊ ሆነ። ባልንጀሮቹ በሄሊኮፕተርና በውሻ ጭምር ተራራውን አሰሱት። ችግሩ ያን ገደላገደል ከእርሱ ይበልጥ የሚያውቅ አለመኖሩ ነበር፤ በየትኛው በኩል ሄዶ ይሆን ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሰጥ የሚችለው ራሱ የጠፋው ሰው ነበር። ሐሜትም ተነሣ፤ ኑሮው ሰልችቶት አገር ጥሎ ሄዷል የሚል አልታጣም። (ሰው ሲጠፋ እንዲህ ማለት የየትም አገር ልማድ ሳይሆን አይቀርም።)

ወሬው አምስት ዓመት ቈየ። በሐምሌ 1993 ዓ.ም. የፓርኩን የእግር መንገድ የሚጠግኑ ሠራተኞች ዕቃውንና አፅሙን ከድንኳኑ ብዙ ሳይርቅ፣ ውሃ ከሚወርድበት ሸለቆ ውስጥ አገኙ። በረዶ የሸፈነውን ውሃ ሲሻገር በረዶው ከድቶት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይገመታል። አገር ጥሎ አልሄደም ነበር፤ የተገኘው በተመደበበት ቀበሌ ነው። የዚያ የ1988 በጋ ውሉም ገና አላለቀም ነበር።