ሥልጠና በምን ይለካል? የሥጋ ደዌ ሕክምና ሥልጠና እንደ ማሳያ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ በተባለው ሠፈር የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ሁለት ተግባራትን በአንድ ግቢ እንዲያጣምር ታስቦ ነበር። አንደኛው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማከም ሲሆን ሁለተኛው ለኢትዮጵያና ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነው። ስለሆነም የሥራ ላይ ሥልጠና ውጤት እንዴት ሊለካና ሪፖርት ሊደረግ እንደሚገባ ለመመርመር ይህ የሙያ ዘርፍ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

በአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች የሥልጠና ሪፖርት የሚያሰፍረው የሠልጣኞችን ብዛት፣ የሥልጠናውን ቀናትና የወጣውን በጀት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከፊርማ መዝገብና ከአበል ክፍያ ሰነድ በቀላሉ ይገኛሉ። የሚነግሩን ግን ምን እንደተሰጠ እንጂ ምን እንደተለወጠ አይደለም። አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ማሳተም በጀመራቸው ጽሑፎች የሥልጠናን ግምገማ በአራት እርከኖች ከፍሎታል፤ እነርሱም የሠልጣኙ እርካታ፣ የቀሰመው ዕውቀት፣ በሥራ ላይ የታየ የባሕርይ ለውጥ እና የመጨረሻ ውጤት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እርከኖች በሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ በመጠይቅና በፈተና ይለካሉ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ለመለካት ግን ሠልጣኙን ተከትሎ ወደ ሥራ ቦታው መሄድ ያስፈልጋል።

የሥጋ ደዌ ሕክምና እነዚህን ሁለት የላይኛ እርከኖች ለመለካት የሚያስችል መረጃ አለው። በሽታው ነርቭን ስለሚጎዳ፣ የሠለጠነ ባለሙያ የሕመምተኛውን የዓይን፣ የእጅና የእግር ጡንቻ ጥንካሬ መመርመርና የመዳፍና የውስጥ እግርን ስሜት በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ መፈተሽ፣ ውጤቱንም በሕመምተኛው ካርድ ላይ መመዝገብ ይጠበቅበታል። ከስድስት ወር ያልበለጠ የነርቭ ጉዳት በፕሬድኒሶሎን ሕክምና ሊሻሻል ስለሚችል ምርመራው በወቅቱ መደረጉ ወሳኝ ነው። እንግዲህ በአንድ ጤና ጣቢያ ካሉት ካርዶች ስንቶቹ የተሟላ የነርቭ ምርመራ እንደያዙ መቁጠር ሦስተኛውን እርከን መለካት ነው።

አራተኛው እርከን የሚታየው ሕሙማን በሽታቸው ሲታወቅ ባሉበት ሁኔታ ነው። በዓይን፣ በእጅ ወይም በእግር ላይ በግልጽ የሚታይ ጉዳት ሁለተኛ ደረጃ የአካል ጉዳት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየአገሩ ከሚከታተላቸው ዋና ዋና አመልካቾች አንዱ ይኸው ነው። አዲስ ሕመምተኛ ይህን ጉዳት ይዞ መምጣቱ በሽታው ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ መቆየቱን ያመለክታል። ኢትዮጵያ ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ሕመምተኛ የሚለውን ዓለም አቀፍ ግብ በአገር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1999 ብታሳካም፣ ዛሬም በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ። በሽታው እየተመናመነ ሲሄድ አብዛኛው የጤና ባለሙያ ሕመምተኛ የማየት ዕድሉ ስለሚቀንስ በሽታውን የመለየት ችሎታም አብሮ ይደበዝዛል።

ይሁንና አመልካቹን ለብቻው ማንበብ ያሳስታል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ወረዳ በአንድ ዓመት 20 አዲስ ሕሙማን ተገኝተው 4ቱ ሁለተኛ ደረጃ ጉዳት ቢኖራቸው መጠኑ 20 በመቶ ነው። በቀጣዩ ዓመት 5 ብቻ ተገኝተው አንዱ ጉዳት ቢኖርበት መጠኑ አሁንም 20 በመቶ ነው። በሪፖርቱ ላይ ለውጥ አይታይም፤ ምናልባት ግን 15 ሰዎች ሳይታወቅላቸው በየቤታቸው ቀርተዋል። በተጨማሪም የመገለል ፍርሃት፣ የጤና ጣቢያው ርቀትና የቤት ለቤት አሰሳ መኖር ውጤቱን ይለውጣሉ። ስለዚህ ለውጡን ለሥልጠና ከመስጠት በፊት ባለሙያ ካልሠለጠነባቸው ተመሳሳይ ወረዳዎች ጋር ማነጻጸር ይገባል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሰው ኃይሉ እንቅስቃሴ ነው። የሠለጠነ ነርስ በዝውውር ሲሄድ ዕውቀቱ ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ በሪፖርቱ ላይ ያለው የሠልጣኞች ቁጥር ግን አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይኤስኦ 30414 የተባለው የሰብዓዊ ካፒታል ሪፖርት መመሪያ ከሥልጠና መረጃ ጎን ለጎን የሠራተኛ ፍልሰትን የሚያካትተው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ባንክ የሰብዓዊ ካፒታል መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለኢትዮጵያ 0.38 ሰጥቷል፤ ይህ ግን በሕፃናት ሕልውናና ጤና እንዲሁም በመደበኛ ትምህርት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ አዋቂዎች በሥራ ላይ የሚቀስሙትን አያሳይም። ያንን ክፍተት መሙላት የሚችለው የየተቋሙ ሪፖርት ነው።

ከዚህ በመነሳት የሥልጠና ሪፖርት ቢያንስ አራት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ይመረጣል፦ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ብዛት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በምድባቸው ላይ የሚገኙት፣ የተሟላ የነርቭ ምርመራ የያዙ ካርዶች ድርሻ፣ እንዲሁም የአዲስ ሕሙማን ቁጥር ከሁለተኛ ደረጃ ጉዳት መጠን ጋር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በጤና ጣቢያዎች ካርድና መዝገብ ላይ ያሉ ስለሆኑ አዲስ ቅጽ አያሻቸውም፤ የሚጎድለው እነርሱን ከሥልጠናው ዝርዝር ጋር የሚያገናኝ ሰው መመደብ ነው። በጊዜ ያልታወቀ ነርቭ በኋላ በተሰጠ የምስክር ወረቀት አይመለስምና፣ የሥልጠና ዋጋ መመዘን ያለበት በሕመምተኛው እጅና እግር ላይ ነው።