ቀለም ስንጥቅ አይደፍንም

ጅማ ስትነሣ ቡናዋና በርጩማዋ እንጂ ጀልባ በማንም አእምሮ አይመጣም። ይሁን እንጂ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አቅጣጫ የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገኛል። 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግድብ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ እርሻና ግጦሽ በነበረው ሥፍራ ላይ ውኃ ተኝቷል። ቆሮሶ እያጠመዱ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ሰዎችም አሉ።

ከነዚህ አንዱ በጅማ ከተማ ሰቶ ሰመሮ የሚኖሩት አጎታችን ናቸው። ያገለገለ የፋይበር ግላስ ጀልባ ገዝተው ነበርና ቀለሙን የቀባንላቸው እኛ ነን፤ ያበላሸነውም እኛው ነን። ለግቢ በር ከተገዛው የተረፈ ሲንተቲክ ቀለም ነበረን። ጀልባውን በውኃ አለቅልቀን በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀብተን ጨረስን። ሲታይ አዲስ መሰለ፤ እንዲያውም በጥሩ ዋጋ ልግዛው የሚል ሰው መጣ። አጎታችን ግን አልሸጡም።

አንድ ክረምት ሳይሞላው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተላጠ። የባሰው ግን ከሥሩ የታየው ነው፤ ከጀልባው አፍንጫ ዝቅ ብሎ አንድ ስንዝር የሚያህል ስንጥቅ ወጣ። ያንን ሸፍነን የአጎታችንን ልጆች በጥልቅ ውኃ ላይ ስናሰማራ ከርመናል ማለት ነው። አንባቢ ከስሕተታችን ይማር ዘንድ ሁለተኛውን ሥራችንን በዝርዝር እናቀርባለን።

ፋይበር ግላስ ምንድን ነው?

ፋይበር ግላስ በቀጭኑ የተፈተለ የመስታወት ክር ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ተነክሮ ሲደርቅ የሚገኝ ጠንካራ ነገር ነው። ላዩን የሚሸፍነው ጄልኮት የተባለው ስስ ልባስ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ እንደ ብረትም አይዝግም። ይሁንና ፀሐይ ሲመታው ኖራ እንደተቀባ ግድግዳ ይነጣል፤ ውኃ ከሰረገበት ደግሞ ቋቁቻ መሰል እብጠት ያወጣል። እብጠቱ ሲፈነዳ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣዋል። ጤንነቱን ለማወቅ በሳንቲም ማንኳኳት ነው፤ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተጎዳው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

ከቀለሙ በፊት

ከሥራው አብዛኛው የሚያልቀው ብሩሽ ከመጨበጡ በፊት ነው። በመጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል። ቀጥሎ ሰሙና የዓሣው ቅባት በቲነር ይጠረጋል፤ በአንድ ጨርቅ አርጥቦ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው። ይህ በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቁ በፊት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ውስጥ እያሸ ያስገባዋል። ከዚያ ውኃ ቢያፈሱበት ወጥ ሆኖ ከተንጣለለ ጸድቷል፤ ጠብታ ሆኖ ከተንከባለለ ገና ነው። የመጀመሪያው ቀለማችን የተላጠው ይህን በመዝለላችን ነው።

ስንጥቁን ስንፍቀው ከጄልኮቱ አልፎ የመስታወቱን ክር ቆርጦ አገኘነው። እንዲህ ሲሆን ስቱኮ አይበቃም። ዙሪያውን በሰፊው አስልሎ መፋቅና የፋይበር ግላስ ጨርቅ በኢፖክሲ እየነከሩ መደራረብ ያስፈልጋል። የመኪና ስቱኮም ውኃ ስለሚጠጣ ከውኃ በታች ለሚውል ቦታ አይሆንም።

ወሩ ኅዳር ነበርና አክስታችን በዚያው ግቢ ጀንፈል ቡና በአልጋ ላይ አስጥተዋል። እኛ በሁለተኛው ቀን ደርቋል ብለን ስንጣደፍ ጀንፈሉን በእፍኛቸው ነቅንቀው፣ «ልጆቼ፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ቡና ጆንያ ውስጥ ይሻግታል። ጀልባውስ ከዚህ በምን ይለያል?» አሉን። ግልጽ ላስቲክ በስንጥቁ ዙሪያ ዳር ዳሩን በፕላስተር ለጥፈን አሳደርነው። ጠዋት ከውስጥ በኩል ጤዛ አዝሎ ተገኘ! ላስቲኩ ደረቅ ሆኖ እስኪያድር ከሳምንት በላይ ታገሥን።

አቀባቡ

ከጥገናው በኋላ ገላው በሙሉ በ220 ቁጥር ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ይፋቃል። ከዚያ የኢፖክሲ ፕራይመር፣ በላዩም ሁለት ወይም ሦስት ስስ ቀለም ይቀባል፤ በየመካከሉ በ320 ቁጥር ቀለል አድርጎ ማሸት ነው። ጥሩው ሰዓት የጠዋት ጤዛ ከለቀቀ በኋላ ነው። የቀትር ፀሐይ ቀለሙን ሳይዘረጋ ያደርቀዋል፤ የማታ ጤዛ ደግሞ ወዙን ይገፈዋል። ነጣ ያለ ቀለም ሙቀት ስለማይስብ ይመረጣል።

ቀለሙ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ መቆየት ይችል እንደሆነ ቆርቆሮው ላይ ይነበብ። የአጎታችን ጀልባ ማታ ማታ ወደ ደረቅ ስለሚወጣ የላይኛው ዓይነት በቅቶታል። ባሕር ላይ የሚለመደው ፀረ ተለጣፊ መርዛማ ቀለምም ለዚህ ጀልባ አያስፈልግም፤ ለዓሣውም አይበጅም።

የቤተሰብ ጤና

የፋይበር ግላስ ብናኝ ቆዳን ያሳክካል፤ ሳንባንም ይጎዳል። ስለዚህ በውኃ እያረጠቡ መፋቅና ማስክ ማድረግ ይገባል። ሁለት ሆኖ የሚቀላቀለው ፖሊዩሬቴን ቀለም አይሶሳያኔት የተባለ አስም የሚያስከትል ኬሚካል አለበት፤ ተራ ጨርቅ አያስጥለውም፤ ቤት ውስጥ በመርጫ መርጨት ፈጽሞ አይገባም። ኢፖክሲ በባዶ እጅ አይነካ። የሥራ ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። በተለይም ቡና የሚፈላበት ከሰል ከቲነሩ ይራቅ፤ ትነቱ እሳት ይስባልና። ትራፊው ሐይቅ ውስጥ አይደፋ።

በመጨረሻም

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ ነጋዴውን መውቀሳቸው የታወቀ ነው። ያ ገዢ የመጣ ዕለት ጀልባው ተሽጦ ቢሆን ኖሮ እኛም ሳናውቅ እርጥቡን በደረቅ ሸፍነን በሸጥን ነበር። ዛሬ ጀልባውን ለማየት የሚመጣ ሰው ቢኖር አጎታችን ቀለሙን ከማሳየታቸው በፊት አፍንጫው ሥር እጃቸውን አሳርፈው፣ «እዚህ ጋ ተሰንጥቆ ነበር፤ እንዲህ አድርገን ጠገነው» ይላሉ። ልጆቻቸውም አሁን በእርሱ ተሳፍረው ሲሄዱ ልባችን ያርፋል። አላህ ሥራችንን ያሳምርልን። ወሰላም።