የጾም ምግብና የማይስማማው ልጅ

ወተት ወይም እንቁላል የማይስማማው ልጅ በቤትዎ ካለ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ የተጻፈ ነው። ባይኖርም ያንብቡት፤ እንዲህ ያለው ልጅ ከእናቱ እጅ ብቻ አይበላምና። የጎረቤት እጅ አለ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ እጅ አለ፣ የክርስትናና የሠርግ ድግስ አለ።

ታላቅ እህቴ ትዳር ይዛ የምትኖረው በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ ከተማ በመካነ ሰላም ነው። ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚያልፈውን መንገድ የሄዱበት እንደሚያውቁት አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ በሶ ከጓዳ የማይጠፋበት። የመጨረሻ ልጇ ገና የመንፈቅ ሕፃን ሳለ የላም ወተት በማንኪያ ቢቀምስ ፊቱና አንገቱ በሽፍታ ተወረሰ፤ አስመለሰውም። ሐኪም ቤት ተወስዶ ከታየ በኋላ የወተት አለርጂ እንዳለበት ተነገራት። እህቴም መፍትሔውን ከጓዳዋ ያገኘች መሰላት። በቤታችን የጾም ምግብ ሞልቷል፣ እርሱን እየመገብኩ አሳድገዋለሁ አለች።

ልጁ አምስት ዓመት እስኪሞላው በዚሁ ኖረ። በአንድ የዐቢይ ጾም ቀን ግን ጎረቤት ቤት ሲጫወት የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ተሰጠው። የሰጡት ሴት ልጁን እንደ ልጃቸው የሚወዱ፣ ወተት እንደማይስማማውም ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። የጾም ነው ብለው ነው የሰጡት። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከንፈሩ አበጠ፣ ሳል ያዘው፣ ድምፁ ጎረነነ። የተሰበሰበውም ሰው «መርዝ ነገር በልቷል፣ ቶሎ ወተት አጠጡት!» እያለ መጮኽ ጀመረ። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው እምነት በአገራችን የቆየ በመሆኑ አንዲት ሴት ኩባያ ሙሉ ወተት ይዘው ሲመጡ እህቴ ደርሳ ከእጃቸው ነጠቀች። ልጁን አቅፋ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠች፤ መርፌ ተወግቶ ዳነ።

ይህን በስልክ ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር። ከሁሉ የከነከናት «የጾም እኮ ነው» የሚለው የጎረቤቷ ቃል ነው፤ እርሷ ራሷም አምስት ዓመት ሙሉ ያመነችው ይህንኑ ነበርና።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንመልከተው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ረቡዕና ዓርብን፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናትና ሌሎቹን አጽዋማት ጨምሮ በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይታቀባሉ። ፈረንጆች «ቪጋን» የሚሉትና በ1944 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ስም የወጣለት አመጋገብ ስለዚህ ለእኛ ማጀት እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ እነርሱ ማርንም መተዋቸው ነው። አለርጂ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውነት ራሱን ከበሽታ የሚከላከልበት ኃይል ጉዳት የሌለውን የምግብ ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት የሚመጣ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ ከላም ይምጣ ከለውዝ ማሳ ለሰውነቱ ለውጥ የለውም። ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚነፋው ወይም የሚያስቀምጠው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የወተቱን ስኳር መፍጨት ያልቻለ ነው፤ እርሱ ይቸገራል እንጂ እንደ አለርጂው ትንፋሽ አያሳጥርም።

አሜሪካ በምግብ ማሸጊያ ላይ በግልጽ እንዲጻፉ በሕግ የምታስገድዳቸው ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች ዘጠኝ ናቸው። እነዚህም ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሸርጣንና መሰሎቹ፣ እንደ አልሞንድ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ለውዝ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተጨመረው ሰሊጥ ናቸው። እስቲ ይቁጠሩት። ጾም ወተቱንና እንቁላሉን ያስቀራል። ለውዙ፣ ስንዴው፣ አኩሪ አተሩና ሰሊጡ ግን በጾም ወራት እንዲያውም ይበረክታሉ። የአውሮፓ ሕግ ሰናፍጭንና ግብጦን ይጨምራል፤ ሰናፍጭ ደግሞ የጾም ገበታችን ማጣፈጫ መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። በወተት አለርጂ የተያዘ ልጅ ሌላም ምግብ ሳይስማማው የመቅረቱ ዕድል ከሌላው ልጅ የሰፋ በመሆኑ እህቴ ዘንድ የደረሰው ነገር እንግዳ አልነበረም።

ታዲያ ልጁን ቤት ቆልፎ ማሳደግ አይቻልም። በወሎ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እየተባለ የሚቀርብን ጉርሻ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ እንዴት አድርጎ እምቢ ይላል? እህቴ ብዙ ካሰበች በኋላ የደረሰችበት ዘዴ፣ ሌሎች ልጆች ጣፋጭ ሲበሉ እርሱም የሚያወጣው ጣፋጭ በኪሱ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ይህም ከተምር፣ ከሙዝና ከጤፍ የሚጋገር፣ በቁራጭ የሚበላ የፍራፍሬ ብስኩት ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር የለበትም። ቤቷ በሄድኩ ጊዜ አብሬያት ጋግሬዋለሁና እንዳየሁት ልንገርዎት።

በመጀመሪያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ በስድስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ይበጠበጥና ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ተልባው እንደ ንፍጥ ሲሆን (ቃሉ አያምርም፣ ግን ሌላ አላገኘሁለትም) ዱቄቱን እርስ በርሱ የሚያያይዘው እርሱ ነው፤ የሁለት እንቁላል ሥራ ይሠራል። ለመጠጥ ብቻ የምናውቀው ተልባ ይህን ያህል ሙያ እንዳለው እኔም ያወቅሁት በዚያን ቀን ነው። ከዚያም ሩብ ኪሎ ያህል ተምር ፍሬው ይወጣለትና በፈላ ውኃ ተነክሮ ሲለሰልስ ውኃው ተጠንፍፎ ይላመጣል። ፍሬውን አንድ በአንድ ያውጡት፤ አንዲት ፍሬ ብትቀር የልጅ ጥርስ ትሰብራለች፣ ጉሮሮም ትዘጋለች። ሁለት የበሰለ፣ ቅርፊቱ ጠቆር ጠቆር ማለት የጀመረ ሙዝ በሹካ ተደቁሶ ከተምሩ ጋር ይታሻል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት፣ ትንሽ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ ይጨመርበታል። ስኳር አያስፈልገውም።

የጤፉ ዱቄት ሁለት ብርጭቆ ሲሆን አስቀድሞ በደረቅ ብረት ምጣድ ላይ ሽታው እስኪያውድ ለጥቂት ደቂቃ ይታመሳል፤ ይህ ካልተደረገ ጥሬ ጥሬ ይላል። ሁሉም ተደባልቆ ከዳቦ ሊጥ ላላ፣ ከእንጀራ ሊጥ በጣም ወፈር ያለ ሲሆን ልክ ነው። ከደረቀብዎት በውኃ፣ ወይም የሱፍ ፍሬ አለርጂ በቤት ከሌለ ለፍትፍት እንደሚሠራው ተወቅጦ በተጠለለ ነጭ የሱፍ ውኃ ያላሉት። ኮባ ታጥቦ ምጣድ ላይ ይነጠፍና ሊጡ የጣት ውፍረት ያህል ተዘርግቶ በእርጥብ እጅ ይደመደማል። አክንባሎ ተከድኖ በለዘብተኛ እሳት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ጠርዙ ከኮባው መላቀቅ ሲጀምርና መሐሉ ሲነካ የማይጣበቅ ሲሆን ደርሷል። የኤሌክትሪክ ወይም የጋዝ ምድጃ ያላቸው በ175 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ሊጋግሩት ይችላሉ። ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ አይቁረጡት፤ እኛ ቸኩለን ቆርጠነው ተፈረፈረ፣ ፍርፋሪውን በሻይ በላነው።

የሥራው ከባድ ክፍል ግን መጋገሩ ላይ አይደለም። ምጣዱን ያስቡት። ምጣድ የሚታሰሰው በጎመን ዘር ወይም በሌላ የቅባት እህል ነው፤ የጎመን ዘር ለሰናፍጭ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ ሰናፍጭ የማይስማማው ሰው ሊጠነቀቀው ይገባል። ኮባው የሚነጠፈው ለመዓዛው ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው። ለውዝ የተወቀጠበት ሙቀጫ ቢታጠብም በሸካራው ውስጥ ርዝራዥ ይይዛልና እህቴ ለተልባው ሌላ ሙቀጫ ገዝታለች። በየሰፈሩ ካለው መጭመቂያ የሚገዛ ዘይትም እንዲሁ ነው፤ አንዱ መኪና ዛሬ ኑግ፣ ነገ ሰሊጥ ወይም ለውዝ ሊጨምቅ ይችላልና ምን ሲጨመቅበት እንደዋለ ይጠይቁ።

ችግሩ ስንዴ ለሆነበት ቤት ደግሞ ወፍጮው ዋነኛው ጠንቅ ነው። ጤፍ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የለውም፤ ነገር ግን ስንዴ ተፈጭቶ ሲያበቃ በዚያው ወፍጮ የተፈጨ ጤፍ የስንዴ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ወፍጮ ካለ እርሱን ይምረጡ። በደጋው ያለ ሰው ጤፉን በበሶ ልተካው ቢል፣ ገብስ ግሉተን እንዳለው ይወቅ፤ በአገራችን ደጋ አጃም ከገብሱ ጋር ተደባልቆ የሚበቅል በመሆኑ አጃ ነው ተብሎ አይታመንም። የእህቴ ልጅ ስንዴና ገብስ ይስማማዋልና ለእርሱ አልፎ አልፎ በሶ ከተላመጠ ተምር ጋር ታሽቶ ሳይጋገር ይጨበጥለታል፤ ከብስኩቱ ይልቅ የሚወደው ይህን ነው።

ተምር ከስኳር የማይተናነስ ጣፋጭ ሲሆን ጥርስ ላይም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ለአንድ ልጅ በቀን አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ይበቃል፣ ከዚያም አፍ መጉመጥመጥ። ሙዝም ተልባም የማይስማማው ሰው አይጠፋም። ለእንግዳ ልጅ ከመስጠትዎ በፊት የገባበትን ሁሉ ለእናቱ ይንገሯት።

ይህን ሁሉ አንብበው «እንግዲያስ ወተትና እንቁላል ለልጆቼ ይቅርባቸው» እንዳይሉ እለምናለሁ። ለሚስማማው ልጅ ወተትና እንቁላል የሚተኩት በብዙ ድካም ነው። አንድ ቀን ሆዱን ስለቆረጠው ብቻ፣ ሐኪም ሳያየው፣ ምግብ የሚከለከል ልጅ በከንቱ ይከሳል። በሐኪም ምክር ወተት የተከለከለው ልጅም ቢሆን ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመንና ሌላው ገንቢ ምግብ ሊሟላለት ይገባል እንጂ በፍራፍሬ ብስኩት አያድግም።

ምልክቱንም ይወቁት። ምግቡ ከተበላ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ሽፍታ፣ የከንፈርና የዓይን እብጠት፣ ማስመለስ ሊታይ ይችላል። ሳል፣ የድምፅ መጎርነን፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም መዝለፍለፍ ከመጣ አደጋ ነው። ወተት አያጠጡት፣ ጣት ከትተው አያስመልሱት። የተዝለፈለፈውን በጀርባው አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ፤ ትንፋሽ ያጠረው ደግሞ ይቀመጥ። ቆሞ እንዲሄድ ሳያደርጉ ተሸክመው በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ያድርሱት። ሕይወት የሚያድነው መድኃኒት በጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው፤ የማሳከክ ኪኒን አይተካውም። ከዳነም በኋላ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሐኪሙ ይቆይ ካለ አይቸኩሉ።

በመካነ ሰላም ገበያ ተምር በብዛት የሚገኘው በረመዳን ነው። ባለፈው ረመዳን እህቴ ሦስት ኪሎ ገዝታ አስቀምጣለች። በየሳምንቱ ቅዳሜ ትጋግርና ግማሹን ክዳን ባለው ጣሳ አድርጋ ለዚያች ጎረቤቷ ታኖርላቸዋለች። ልጁ ሊጫወት ሲሄድ «ና ልጄ፣ ያንተን ላምጣልህ» ብለው ከጣሳው ያወጡለታል፤ ከሌላ ከምንም አይሰጡትም።