ጨው ቀንሱ የምንለው ለማን ነው?

ዛሬ ያየሁትን ሳልጽፍ ማደር አልቻልኩም።

ወደ ክትትል ክፍላችን አንዲት እናት መጡ። ግፊታቸውን ለካሁት፤ 210 በ120። አሳርፌ እንደገና ለካሁ፤ ያው ነው። ካርዳቸውን ሳይ ለዓመታት አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ይወስዱ የነበሩ፣ ግፊታቸውም ደህና ተስተካክሎ የቆየ ናቸው። «እናቴ፣ ኪኒኑን ምነው አቆሙት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ተፈጥሯዊው ይሻላል ብለውኝ ነው» አሉኝ። ጉዳዩ ሲጣራ አንድ «የጤና አማካሪ» ነኝ ባይ በቲክቶክ ላይ «ሮዝ ጨው ግፊት አይጨምርም፤ በየጠዋቱ አንድ የሻይ ማንኪያ በሞቀ ውኃና በሎሚ ጠጡ፣ ኪኒኑን ትጥሉታላችሁ» ብሏል። ልጃቸው አዝናላቸው፣ ከሱፐርማርኬት በውድ ዋጋ ገዝታ አመጣችላቸው። የግፊት ታማሚ የሆኑ እናት በየማለዳው ጨው በብርጭቆ ሲጠጡ ከርመዋል ማለት ነው።

ልጅቷን አልወቅሳትም። የምትወዳትን እናቷን ልታድን ነው የደከመችው። የምወቅሰው ያለ አንዳች ዕውቀት ካሜራ ፊት ቆሞ የሰው ሕይወት ላይ የሚፈርደውን ነው።

እሺ፣ በቅደም ተከተል ልሂድ።

1. ሮዝ ጨው ጨው ነው። የሂማልያ የሚባለው ጨው ፓኪስታን ውስጥ ካለ የድንጋይ ጨው ማዕድን የሚወጣ ሲሆን፣ 98 በመቶ ገደማው ልክ እንደማንኛውም ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ቀለሙን የሰጡት ማዕድናት መጠናቸው እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ ለጤና የሚፈይዱት ነገር የለም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው ለሙሉ ቀን የፈቀደው ጣሪያ ነው፦ ከ5 ግራም በታች። እኚያ እናት የቀኑን ድርሻ ገና ቁርስ ሳይበሉ ጨርሰውታል። በዚያ ላይ ይህ ጨው አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን አይጨመርበትም። እንቅርት ስንት እናቶችን ባሠቃየበት አገር ከአዮዲን ጨው ሸሽቶ ወደዚህ መሄድ ሁለት ጊዜ መጎዳት ነው።

2. ምግብ ኪኒንን አያስጥልም። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሥር፣ ሽፈራው ሁሉም ጥሩ ምግቦች ናቸው። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሥር ግፊትን በጥቂት ነጥብ ሊያወርዱ እንደሚችሉ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ግን 210ን በነጭ ሽንኩርት 130 አታደርሱትም። ሽፈራው በኮንሶ ከጥንት ጀምሮ የሚበላ ጎመን ነው፤ እንደ ጎመን ብሉት፣ ዱቄቱን እንደ መድኃኒት አትመኑት። አመጋገብን ማስተካከል ከመድኃኒቱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ ነው። ግፊታችሁ ወርዶ መጠኑ ይቀነስ ከተባለም የሚቀንሰው የሚከታተላችሁ ባለሙያ ነው።

3. አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ስለ በርበሬ።

እኛ ባለሙያዎች በቀን ስንት ጊዜ «ጨው ቀንሱ» እንላለን። ታካሚውም «እሺ» ይላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ጨው ቀነሱ?» ሲባል «አዎ፣ ገበታ ላይ ጨው አልጨምርም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ግፊቱ ግን እዚያው ነው። ምክንያቱም የእኛ ጨው ያለው ገበታ ላይ ሳይሆን ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው።

በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ተደልዞ፣ ደርቆ፣ ኮረሪማውና አዝሙዱ ሲጨመርበት ጨውም አብሮ ይገባል። ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ሽሮው ሲመጠን በርበሬው ይጨመርበታል፤ ጨው ደግሞ ለብቻው እንደገና ይደረግበታል። ሁለተኛው። ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ተቀምሶ ጨው ይጣልበታል። ሦስተኛው። ሚጥሚጣና አዋዜ ከጎን ሲቀርብ አራተኛው መሆኑ ነው። ማንም ሰው ክፉ ሥራ አልሠራም፤ እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ነገር ግን ወጥ የምትሠራው ሴት ራሷ እንኳ በማሰሮው ውስጥ ስንት ጨው እንዳለ ማወቅ አትችልም። የማይታይ ጨውን እንዴት ትቀንሰዋለች?

መፍትሔው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬና ሽሮ ስታስፈጩ ያለ ጨው አስፈጩ። «ይበላሻል» ትሉኛላችሁ። በደንብ የደረቀ በርበሬ በደረቅ ዕቃ በጥብቅ ተከድኖ ከተቀመጠ ያለ ጨውም ይቆያል። ጨው አንዴ ብቻ፣ ወጡ ላይ፣ በማንኪያ ተለክቶ ይግባ፤ በእጅ ተቆንጥሮ አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ለዛ የለውም» ይባላል። ምላስ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። ኮሰረት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ቃሪያ፦ ጨው ሳይበዛ ወጥን የሚያጣፍጥ ነገር የሞላበት ጓዳ ያለን ሰዎች ነን።

ቤታችሁ ስንት ጨው እንደሚበላ ማወቅ ትፈልጋላችሁ? አንድ ኪሎ ጨው ስትገዙ ቀኑን ከረጢቱ ላይ ጻፉበት። አምስት ሰው ለሚበላበት ቤት በቀን 25 ግራም ነው ጣሪያው፤ ስለዚህ አንዱ ኪሎ ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። ዳቦ ውስጥ ያለውንና ውጭ የምትበሉትን ሳይጨምር ማለት ነው። ከ40 ቀን በፊት ካለቀ መልሱን አገኛችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት የአንድ አዋቂ ኢትዮጵያዊ አማካይ የቀን የጨው መጠን ከ8 ግራም በላይ እንደሆነ ታይቷል። በዚያው ጥናት ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ብዙዎቹ ተለክተው እንኳ አያውቁም ነበር።

እና እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። የምሠራበት ጤና ተቋም ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የግፊት ምክር በእንግሊዝኛ ነው። ሥዕሉ ፒዛ፣ በርገርና የአሳማ ሥጋ ያሳያል። በአሜሪካ ሰው ከሚወስደው ሶዲየም ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ከታሸገና ከምግብ ቤት ምግብ ስለሚመጣ ለእነሱ ልክ ነው። የእኛ ጨው የሚመጣው ከማሰሮ ነው! ለሽሮ በሊታ ስለ በርገር የሚናገር ወረቀት ለጥፎ «የጤና ትምህርት ተሰጥቷል» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። አንድ ታካሚ ለማማከር ያለን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ውጭ የቆመው ሰልፍ አያስቀምጥም። ምግብ የሚያማክር የሥነ ምግብ ባለሙያ የለንም። መድኃኒቱም አልቆ «ከውጭ ግዙ» የምንልበት ወር አለ፤ የጤና መድኅን ካርድ ይዘው የመጡ ሰዎች ከኪሳቸው መክፈል ሲያቅታቸው ሰፈር ያለው የቲክቶክ መካሪ በነፃ ይደርስላቸዋል። በቴሌቪዥን ደግሞ ዋነኛ ይዘቱ ጨው የሆነ የወጥ ማጣፈጫ ኩብ «ለቤተሰብ ፍቅር» እየተባለ ይተዋወቃል። ብዙ የታሸጉ ምግቦች ላይ የሶዲየም መጠን በሚነበብ መልኩ አልተጻፈም። ተጽፎ ካገኛችሁ የሶዲየሙን መጠን በ2.5 አባዙት፤ የጨው መጠኑን ይሰጣችኋል።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሁለቱም ነው ያለባችሁ፦ ከአገር ቤት የተላከው ጨው ያለበት በርበሬና የሱፐርማርኬቱ የታሸገ ምግብ።

ጥሩ ዜናው ይኸው፦ ከጨው በቀር ገበታችን ለግፊት የሚመች ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነውና ዳሽ የሚባለው የአመጋገብ ጥናት አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬና ቅባቱ የቀነሰ ወተት ያበዙ፣ የሥጋ ስብና ጣፋጭ የቀነሱ የግፊት ሕሙማን የላይኛው ግፊታቸው በ11 ነጥብ ያህል እንደወረደ አሳይቷል። ይህ አንድ ኪኒን ከሚያወርደው የሚተናነስ አይደለም። ምስር፣ አተር፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፤ የጾም በያይነቱ ግማሹን መንገድ ሄዷል። የጤፍ እንጀራ ራሱ በተለምዶ ጨው አይገባበትም። ዘይቱን ማሳነስ፣ የሚረጋውን ዘይት በፈሳሽ ዘይት መተካት ነው የሚቀረው።

ጾምን ካነሳሁ አይቀር፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾሙ ኪኒኑን የምትዘሉ ሰዎች፣ አትዝለሉት። ረመዳንም ሲመጣ እንዲሁ። ከጾሙ በፊት መጥታችሁ ንገሩን፣ ሰዓቱን እናስተካክላለን፤ የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ።

ሌላው፣ ፖታሲየም ያለው «የጨው ምትክ» የምትገዙ ተጠንቀቁ። ለብዙ ሰው ይጠቅማል፤ ቻይና ውስጥ በ600 መንደሮች ተሞክሮ ስትሮክን ቀንሷል። ነገር ግን ኩላሊቱ ለተጎዳ፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያለ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ፖታሲየም በደም ውስጥ ከልክ በላይ ወጥቶ ልብን ሊያቆም ይችላል። ሳትጠይቁን አትጀምሩ። አረቄና ጫትም ግፊት ያነሳሉ፤ ይህን ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋም፣ ታውቁታላችሁ።

ግፊታችሁ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ጎን መድከም ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ምንም ሳትጠጡ፣ ምንም ሳትሞክሩ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ፣ በቪዲዮ ምክር አታቁሙ። እናንተም የሥራ ባልደረቦቼ፣ «ጨው ቀንሱ» ብላችሁ ብቻ አትሸኙ፤ በርበሬው ጨው አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያበስል ጠይቁ። አባወራው «እሺ» ብሎ ቢሄድ ጭልፋውን የያዘው ሌላ ሰው ነው። የግፊት ቀጠሮ ያላችሁም በሚቀጥለው ስትመጡ ወጥ የሚሠራላችሁን ሰው ይዛችሁ ኑ።